ከገበያ ተገዝቶ ስለተተከለልን ጥቅል ጎመን

ለክቡር የከተማ ገጽታና የእንግዳ አቀባበል ዝግጅት አስተባባሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ልባዊ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የሐይቁ ነፋስ በቢሮዎ መስኮት እየገባ ከሙቀቱ እንዲያሳርፍዎ፣ ጉልበትዎና ወገብዎ እንዲጸኑልዎ፣ ዓይንዎ የሚያርፍበት ሁሉ አረንጓዴ፣ ጆሮዎ የሚሰማው ሁሉ ጭብጨባ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። ልጆች ካሉዎትም ልጆችዎ በጤና ይደጉልዎ። ይህችን የመጨረሻዋን ምኞት ያለ አንዳች ሽሙጥ የጻፍኳት ስለሆነች፣ በደብዳቤው ውስጥም እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ስለማያገኙ፣ ለብቻዋ አውጥተው እንዲያስቀምጡልኝ በትሕትና እለምንዎታለሁ።

እኔ አምሳሉ እባላለሁ። በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የአስተናጋጆች ኃላፊ ነኝ። ፊቴን ላያስታውሱት ይችላሉ፤ አልቀየምዎትም፤ እኛ ስንሠለጥን ጥሩ አስተናጋጅ ሳህኑ እንጂ ፊቱ አይታወስም ተብለን ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ስለቆየሁ እንግዳ ሲቆጣ ፈገግ ማለት፣ ትኩስ ሾርባ ቀዝቅዟል ተብሎ ሲመለስም ይቅርታ መጠየቅ ለምዶብኛል። ስለዚህ ትሕትናዬ ከልክ ያለፈ መስሎ ከታየዎ የሙያ ጠባይ ነው ብለው ይለፉኝ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዋ የሩሀማ አባት ነኝ። የመምህርት ታቢታም ባለቤት ነኝ። ታቢታ ስላረፈች ነበርኩ ማለት እንዳለብኝ ሰዎች ይነግሩኛል፤ እስካሁን አፌ እምቢ ብሎኛል።

ደብዳቤውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩት ክብርዎን ለመንካት አስቤ አይደለም። ቢሮዎ ድረስ ተመላልሻለሁ። ጸሐፊዎ እጅግ ጨዋ ሰው ናቸው፤ በመጣሁ ቁጥር ወንበር ሰጥተውኛል፤ በመጣሁ ቁጥርም ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነግረውኛል። አንድ ቀን በበረንዳው ስልክ እያወሩ ሲያልፉ አይቼዎት ነበር፤ ነገር ግን ትልቅ ሰው ሲራመድም ስብሰባ ላይ ሊሆን እንደሚችል ስለገመትኩ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት ነገሩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር ከመጀመሪያው ልነሳ። ትምህርት ቤታችን ከከተማው ወደ ቱላ አቅጣጫ ያለ፣ ግማሹ ልጅ ከገበሬ ቤት፣ ግማሹ ደግሞ ከኪራይ ቤት የሚመጣበት ነው። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ እግራቸው የተሰበረ ዴስኮች የሚጣሉበት ባዶ መሬት ነበር። ታቢታ የአንደኛ ክፍል መምህርት ሆና እዚያ ስትመደብ ወላጆችን ለምና ዴስኮቹን አስነሳች፤ ቦታውንም ልጆቹ የሚተክሉበትና የሚማሩበት የአትክልት ቦታ አደረገችው። አፈሩ አሸዋ የበዛበት ስለነበር መጀመሪያ ላይ የረባ ነገር አላበቀለም። እኔ በእረፍቴ ቀን ዓሣ ወደሚሸጥበት አሞራ ገደል እየሄድኩ ዓሣ አጣቢዎቹ የጣሉትን አንጀትና አጥንት በጆንያ እያመጣሁ እንቀብር ጀመር። አባ ኮዳ የምንላቸው እነዚያ መላጣ ትልልቅ ወፎች ድርሻቸውን የምወስድባቸው እየመሰላቸው እስከ መንገዱ ድረስ ይከተሉኝ ነበር። ሆቴል ስገባም አለቃዬ አፍንጫቸውን ይዘው አምሳሉ፣ ዛሬም አትክልት አጠጣህ እንዴ ይሉኝ ነበር። አፈሩ ግን በዓመቱ ጥቁር ሆነ።

ልጆቹ እዚያ ያልተማሩት ነገር የለም። ግማሽና ሩብ የሚባለውን ሒሳብ የተማሩት መደብ በገመድ እየከፈሉ ነው። ፊደል የለዩት የካሮቱንና የቆስጣውን ስም በአማርኛና በሲዳሙ አፎ በእንጨት ላይ እየጻፉ ነው። አንድ ልጅ ዘሩን ከልክ በላይ አጥልቆ ቢቀብር ታቢታ አትቆጣውም፤ ጠብቅና እየው ትለዋለች። የጓደኞቹ ሲበቅል የእሱ ሳይበቅል ሲቀር ያየው ነገር ከራሱ አይጠፋም። ዓርብ ዓርብ የደረሰው ጎመንና ዱባ በእናቶች እጅ ይቀቀልና የክፍሉ ልጅ ሁሉ ይበላል። ከመካከላቸው ምሳ የማይቋጠርላቸው ነበሩ። ታቢታ ይህን ስለምታውቅ ሁሉም ይብላ አለች፤ ሁሉም ሲበላ ማን እንደራበው አይታወቅም። እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ በየትኛው የትምህርት ዓይነት ውስጥ እንደምንመድበው እኔ አላውቅም፤ እርስዎ ያውቁ ይሆናል።

አሁን ስለ እንሰቷ ልንገርዎ፤ ደብዳቤዬ ስለ እርሷ ነውና።

ታቢታ የቱላ ልጅ ናት፤ ያደገችው በእንሰት ጓሮ ውስጥ ነው። ያኔ የአንደኛ ክፍል የነበሩትን ልጆች፣ ሩሀማም ከነርሱ መካከል ነበረች፣ ሰብስባ ከእናቷ ጓሮ ያመጣቻቸውን ጥቂት የእንሰት ችግኞች በአትክልቱ ዳር አስተከለቻቸው። እርስዎ የእንሰትን ነገር ሳያውቁት አይቀሩም፤ ለማያውቀው ግን ልናገር። እንሰት በአንድ ወቅት ተተክሎ በሚቀጥለው የሚበላ ነገር አይደለም፤ ዓመታት ይፈልጋል። ሲደርስም አንድ ሰው ብቻውን አይነካውም፤ የሠፈር ሴቶች ተጠራርተው አብረው ቁጭ ብለው በቀርከሃ ይፍቁታል፣ በጉድጓድ ቀብረው ያብላሉታል፣ ቆጮ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ ችግኙን ተክለው እጃቸውን ሳይታጠቡ መቼ ነው የምንበላው ብለው ጠየቋት። ስድስተኛ ክፍል ስትደርሱ አለቻቸው። ለአንደኛ ክፍል ልጅ ስድስተኛ ክፍል ማለት እርጅና ስለሆነ ሳቁባት። እርሷም ሳቀች፤ ግን ትንሽ ሰሌዳ ቆርጣ ለስድስተኛ ክፍል ብላ ጻፈችና ከችግኞቹ አጠገብ ተከለችው።

ከችግኞቹ የሚበዙት ደረቁ፤ አንዱን ፍየል በላው፤ አንዷ ብቻ ጸደቀች። ልጆቹ በየዓመቱ መስከረም ሲገቡ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ እርሷ ነበር፤ አጠገቧ ቆመው ይለካካሉ፤ በየዓመቱ እርሷ ትበልጣቸዋለች። ሦስተኛ ክፍል እያሉ ታቢታ ታመመች፤ ዓመቱንም አብራቸው አልጨረሰችም። በቀብሯ ማግስት ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው እንሰቷን ውኃ ሲያጠጡ ዋሉ። እንሰት ያን ያህል ውኃ እንደማይፈልግ ራሷ አስተምራቸው ነበር፤ ነገር ግን የሚያደርጉት ሌላ ነገር አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ መምህር ዮናስ የሚባሉ የሳይንስ መምህር አትክልቱን ተረክበው ከልጆቹ ጋር ሲንከባከቡት ኖሩ። የሰሌዳው ጽሑፍ በዝናብ ሲደበዝዝም ሩሀማ ከእኔ ኪስ ማርከር እየወሰደች በእናቷ ፊደል ላይ ደግማ ትጽፍበት ነበር።

እነዚያ ልጆች ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ናቸው። እንሰቷም ደርሳ ነበር። የቱላ እናቶች ቀን ቆርጠው፣ መፋቂያቸውን አዘጋጅተው፣ ልጆቹን አጠገባቸው አስቀምጠው ሊያስተምሯቸው፣ በትምህርት መዝጊያ ላይም ከቆጮው ቡርሳሜ ሠርተው በቅቤ አርሰው ሊያበሏቸው ተስማምተው ነበር። ሩሀማ ያን ቀን ምን እንደምትለብስ ሳይቀር መርጣ ጨርሳለች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቦታውን ስላጸዱልን አመሰግናለሁ። ትልልቅ እንግዶች ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኙ እንደሆነ በተሰማ ሰሞን ከእርስዎ ዘንድ የተላኩ ባለሙያዎች መጥተው አትክልቱን ተዘዋውረው አዩት። ባቄላው በበቆሎው ላይ መጠምጠሙ ሥርዓት የሌለው ሆኖ አገኙት፤ ዱባው ወደ መንገዱ መውጣቱን አልወደዱለትም፤ የዓሣውም ሽታ ለእንግዳ አይመጥንም አሉ። በዚህ ሁሉ ከሙያቸው አንጻር ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ከሁሉ የከበደባቸው ግን የእንሰቷ ጉዳይ ነበር። በግቢው ዳር «ሞዴል የትምህርት ቤት የአትክልት ቦታ» የሚል ትልቅ የብረት ሰሌዳ አስቀድሞ ተተክሎ ነበርና፣ የእንሰቷ ቅጠል ከመንገድ ለሚመጣ መኪና ጽሑፉን ይጋርዳል ተባለ። ስለዚህ የአትክልት ቦታ የሚለው ጽሑፍ በግልጽ እንዲነበብ የአትክልት ቦታው ተነሳ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ መምህር ዮናስንም ጠይቄያለሁ፤ እርሳቸውም አልተሳሳትክም ብለውኛል። እርሳቸው ለመቃወም ሞክረው ነበር፤ መምህር ማስተማር እንጂ በገጽታ ጉዳይ መግባት እንደሌለበት በአክብሮት ተነገራቸው።

ሥራው የተሠራው ልጆቹ በማይኖሩበት በቅዳሜና በእሑድ ነው። ይህንንም እንደ ርኅራኄ እቆጥርልዎታለሁ። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ሲገቡ ቦታው ተስተካክሎ፣ ከሌላ ቦታ በጥቅል የመጣ ሣር ተነጥፎበት አገኙት። እንሰቷ ለከብት መኖ ትሁን ተብላ በመኪና ተጭና ሄዳለች። ከብቶቹም እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ቢያንስ እነርሱ በልተዋታል። የልጆቹ የስም እንጨቶች ከአጥሩ ሥር ከቆሻሻ ጋር ተከምረው ነበር። ሩሀማ ከዚያ ክምር ውስጥ የእናቷን ሰሌዳ ፈልጋ አውጥታ በዩኒፎርሟ ውስጥ ደብቃ ይዛው መጣች። ማታ እንደ ልማዷ አጉርሰኝ ብላ አላስቸገረችኝም፤ ሌላ ጊዜ እንዲህ ስትሆን ታማ ነው የማየው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጎመኑ አመሰግናለሁ። የአትክልት ቦታ ያለ አትክልት መቅረቱ እንደማያምር የገባቸው ሰዎችዎ፣ በሰሌዳው ሥር ለጎመን የሚሆን ጠባብ መደብ ትተው ነበር። በጉብኝቱ ዋዜማ አንድ ፒክ አፕ መጥቶ ከገበያ የተገዛ ጥቅል ጎመን አራገፈ። ጎመን ሻጮች እንደሚያውቁት ጥቅል ጎመን ገበያ የሚወጣው ሥሩ ተቆርጦ ነው። ይህም አላስቸገራቸውም፤ እያንዳንዱን ጎመን በስንጥር ወግተው አፈር ውስጥ በሰልፍ አቆሙት፤ ውኃም ረጩበት። ልጆቹ መጀመሪያ በመስኮት እያዩ ሳቁ፤ ጨዋታ መስሏቸው ነበር። ትልቅ ሰው ሥር የሌለው ጎመን ውኃ ሲያጠጣ ቢያዩ ምን ሊመስላቸው ይችላል? እነዚህ ልጆች እኮ ሥር ምን እንደሚሠራ ስለው እንዲያሳዩ ፈተና ላይ ተጠይቀው የመለሱ ናቸው። ርዕሰ መምህሩ መጥተው መስኮቱን እስኪዘጉባቸው ድረስ ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ሳቁ ቆመ።

ሦስተኛ፣ ልጄን ስለመረጡልኝ አመሰግናለሁ።

ከዚህ በኋላ ቁጥር አልሰጥም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቁጥር የሚሰጠው ነገር አይደለም።

ሩሀማ እንግዶቹን ለመቀበል እንደተመረጠች ስትነግረኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የሟች መምህርት ልጅ ስለሆነች፣ አንደበቷም በሁለቱም ቋንቋ የተፈታ ስለሆነ ነው አሉኝ። ዩኒፎርሟን ተኩሼ፣ ጸጉሯን የጎረቤታችን ልጅ እንድትሠራት አድርጌ፣ ጫማዋን ጠርጌ ላክኋት። ምን እንድትል እንደተነገራት አልነገረችኝም። እኔም የእንኳን ደኅና መጣችሁ ቃል ነው ብዬ ስለገመትኩ አልጠየቅኋትም።

የዚያን ቀን ምሳ የታዘዘው በእኛ ሆቴል ነበር። እርስዎ በጠረጴዛው ራስ ተቀመጡ፤ እኔ ነጭ ጓንት አድርጌ ከኋላዎ ቆምኩ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሽበታም ደግ ሰው፣ ስለ አንዲት ልጅ ያወሩ ነበር። ይህን ጎመን ማን ተከለው ብለው ሲጠይቋት እኛ ተማሪዎች ተከልነው ብላ ቀጥ ብላ እንደመለሰችላቸው፣ በስንት ጊዜ ደረሰ ብለው ሲጨምሩም ሳታመነታ ችግኙ ከተዛወረ በሦስት ወር እንዳለቻቸው፣ እንዲህ ያለ ዕውቀት በዚህ ዕድሜ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። እርስዎም ፈገግ ብለው እናቷ መምህርት ነበረች አሉ። ያን ጊዜ ነው የማንን ልጅ እንደሚያወሩ የገባኝ። በእጄ የያዝኩት የጥቅል ጎመን ሰላጣ ነበር። አንዱ እንግዳ ይህም ከትምህርት ቤቱ ይሆን እንዴ ብለው ሲቀልዱ እርስዎ ሳቅ ብለው ማን ያውቃል አሉ። እኔ አውቅ ነበር ክቡር ሆይ፤ ሁለቱም ከአንድ ገበያ ናቸው። ነገር ግን በሥራ ላይ ስለነበርኩ ሰላጣ ልጨምርልዎ ወይ ብዬ ጠየቅሁዎት። ጨምርልኝ አሉኝ። ጨመርኩልዎ።

ማታ ቤት ስገባ ሩሀማ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ የተሸለመችው ደብተርና እስክሪብቶ ከነማሸጊያው አለ። እኛ ተከልነው የሚለውን ቃል አንዲት ከእርስዎ ዘንድ የመጣች ወጣት እንዳስጠናቻት ነገረችኝ። የሦስት ወሩን ነገር ግን ማንም አላስጠናትም፤ በጥናቱ ውስጥ አልነበረም። እንግዳው በድንገት ሲጠይቋት ታቢታ ካስተማረቻት አውጥታ ነው የመለሰችው። እናቷ በዝናብና በጭቃ መካከል እያሳየች ያስተማረቻት እውነት ውሸቱን ልክ አስመሰለላቸው። ልጄ ይህን ያወቀችው እዚያው ቆማ፣ ሰዉ ሲያጨበጭብላት ነው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ፣ እማዬ ብትኖር ታጨበጭብልኝ ነበር?»

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ንግግር የሚችሉ ሰው ነዎት፤ ለዚህ ጥያቄ ምን መልስ ይሰጡ ነበር? እኔ አቀፍኳት። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አልኳት። እርሷ ግን ማወቅ የፈለገችው የማን ጥፋት እንደሆነ አልነበረም። እናቷን ነበር የፈለገችው። በዚያ ትምህርት ቤት ከእናቷ የቀረላት ያ ቦታ ነበር፤ አሁን እዚያ በቆመች ቁጥር የሚታወሳት እናቷ ሳትሆን ጭብጨባው ነው። ይህን ለማንም አልመኝም። ልቤ የተሰበረው እንሰቷ የተቆረጠች ዕለት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚቀረኝ ነበር።

ጎመኑ እንግዶቹ በሄዱ በማግስቱ ጠወለገ፤ በሳምንቱ መሽተት ጀመረ። የዓሣው ሽታ ለእንግዳ አይመጥንም ላሉት ባለሙያዎች የዚህኛውን ሽታ ባስታውሳቸው ደስ ባለኝ። ተነቅሎም፣ ተነቀለ ይባል እንደሆነ እንጃ፣ ተጣለ። አሁን ቦታው ላይ የቀረው ሣሩና በሰንሰለት ላይ የተንጠለጠለው ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው የሚለው ጽሑፍ ነው። ልጆች ተንበርክከው ይማሩበት የነበረው ቦታ እግር እንዳያርፍበት ሆነ። ዓርብ ዓርብ የሚቀቀል ነገርም የለም፤ ማን ምሳ እንደሌለው አሁን ሁሉም ያውቃል።

ትምህርት ቤታችን የሞዴልነት የምስክር ወረቀት አግኝቷል፤ በመስታወት ተደርጎ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሰቅሏል፤ እንኳን ደስ ያለን። ሰሞኑን ደግሞ የሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራን ለልምድ ልውውጥ እንደሚመጡ ሰምተናል። አዲስ ጎመን ይገዛል ማለት ነው። ሩሀማም ባለፈው ጊዜ በጥሩ ሁኔታ ስለተናገረች በድጋሚ ተመርጣለች። ይህ ከተነገራት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማታል። ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር፤ ምንም የለባትም አሉኝ። ሐኪሞቹ ልክ ናቸው፤ በሆድ ውስጥ የሚታይ ነገር አይደለም። እንደ እናቷ መምህር እሆናለሁ ትል የነበረች ልጅ አሁን መምህር መሆን አልፈልግም ትላለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ልጆች እንዲዋሹ ማስጠናት አልችልም አለችኝ። የመምህር ሥራ ይህ ነው ብላ አምናለች ማለት ነው። ታቢታ በዚያ መሬት ላይ ያንን ሁሉ ዓመት አጎንብሳ የለፋችው የገዛ ልጇ ይህን እንድታምን አልነበረም።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። እንሰቷን ይመልሱልን አልልዎትም፤ አይመለስም። ዛሬ ቢተከል እንኳ የሚደርሰው እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤቱን ለቀው ከሄዱ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ታቢታ ለእነርሱ የገባችው ቃል ፈርሷል፤ ማንም ሊጠግነው አይችልም። ሰሌዳውም ይቆይልዎ፤ በብዙ ድካም የታየ ሰሌዳ ነው። የምለምንዎት የልምድ ልውውጡ እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት አንድ ጠዋት ወደ ስድስተኛ ክፍል ገብተው በልጆቹ ፊት እንዲቆሙና የተከላችሁትን የቆረጥነው እኛ ነን፣ ጎመኑን የተከላችሁት እናንተ አይደላችሁም ብለው በራስዎ አንደበት እንዲነግሯቸው ነው። ንግግር የሚጽፍልዎ ሰው አያስፈልግም፤ አጭር ነው። የሚያጨበጭብልዎ ባይኖር ቅር አይበልዎ። ልጄ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ትልቅ ሰው እውነት ሲናገር አይታ ወደ ቤቷ ብትመጣ፣ ሆዷ ይድናል ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻም ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ከሰጡኝ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወደ ሆቴላችን ሲመጡም እንደ ሁልጊዜው በሩን ከፍቼ፣ ወንበርዎን ስቤ፣ ጎንበስ ብዬ እቀበልዎታለሁ፤ እንጀራዬ ነውና። ዘመንዎ ይለምልም፤ የሚለመልመውም ሥር ያለው ይሁንልዎ።

ከጥልቅ አክብሮት ጋር
የማይታወስ ፊት ያለው አገልጋይዎ
አምሳሉ፣ የሩሀማ አባት፣ የመምህርት ታቢታ ባለቤት
ሀዋሳ

ግልባጭ፦
ጎመኑን ለሸጡልን የገበያ ነጋዴ፣ ሞዴል አርሶ አደር መሆናቸውን እንዲያውቁት
ቀን ቆርጠው ለቀሩት የቱላ እናቶች፣ ይቅርታ ለመጠየቅ
ለመምህር ዮናስ፣ አለመሳሳቴን ስለነገሩኝ

አባሪ፦ ለስድስተኛ ክፍል የሚለውን ሰሌዳ ከዚህ ጋር አያይዤ ልልክልዎ ነበር። ሩሀማ አልሰጥም አለች፤ ትራሷ ሥር አድርጋዋለች። ስለዚህ አባሪ የለውም።

ሳልረሳው፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳነብላት ሩሀማ አንድ ነገር አስጨመረችኝ። ለልምድ ልውውጡ ቀን እንደማትቀርና ከሰሌዳው ሥር እንደምትቆም፣ ማን ተከለው ተብላ ከተጠየቀች ግን የጎመኑን ገበያ ሂዳችሁ ጠይቁ፣ እዚህ የነበረችውን እንሰት ከእኛ ጋር የተከለችው እናቴ ናት ብላ እንደምትመልስ ቀድሞ ይታወቅልኝ ብላለች። ይህ ዝግጅትዎን እንዳያበላሽብዎ ሌላ ልጅ እንደሚመርጡ አልጠራጠርም፤ መብትዎ ነው። ነገር ግን ከዚያ ክፍል የትኛውንም ልጅ ቢያስነሡ፣ ፊደል ያስቆጠረችውና መጀመሪያ እጁን አፈር ውስጥ ያስነከረችው ያችው ሴት ናት። ስለዚህ ማን ተከለው የሚለውን ጥያቄ እንግዶቹ ባይጠይቁ ይሻልዎታል፤ ክፍሉ በሙሉ የሚያውቀው መልስ አንድ ነው፤ ስሟም ታቢታ ይባላል።